ጡረተኛው በጤና ዕቅድ ውስጥ «ተሳታፊ» ነው ወይስ አይደለም?

አሜሪካ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ግማሹን ዓመት እዚያ ግማሹን እዚህ አዲስ አበባ የሚያሳልፉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፡፡ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ያወጋ ሰው አንድ ጥያቄ መስማቱ አይቀርም፡፡ «ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝን የጤና ዋስትና አሁን ቀነሰብኝ፤ ልከሰው እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው፡፡ እኔም የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩ በመሆኔ ይኸው ጥያቄ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ይቀርብልኛል፡፡ መልሴ ሁልጊዜ በሌላ ጥያቄ ይጀምራል፡፡ ኩባንያው ምን አጠፋ ከማለታችን በፊት፣ እርስዎ በሕጉ ዓይን ማን ነዎት?

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 በክሱ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል፡፡ አሜሪካኖችም በጤና ዕቅድ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን የጠበበ በር አላቸው፡፡ ከአሠሪው ዕቅድ ጥቅሜ ይሰጠኝ የሚል ሰው በቅድሚያ «ፓርቲሲፓንት» መሆን አለበት፡፡ በአማርኛ «ተሳታፊ» ብንለው ያስኬዳል፡፡ ካልሆነም በተሳታፊው በኩል የሚገባ «ተጠቃሚ»፣ ማለትም የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ ወይም በዕቅዱ የተሰየመ ሌላ ሰው መሆን ይኖርበታል፡፡ ከሁለቱ አንዱን ያልሆነ ሰው በደሉ የቱንም ያህል ቢከብድ ደጅ ላይ ይቀራል፡፡

ሕጉ የመጣው ከጡረታ ገንዘብ ጩኸት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ስቱድቤከር የተባለው መኪና ሠሪ ኩባንያ በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ የነበረውን ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የነበሩ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ነባር ሠራተኞች ከሚገባቸው ጡረታ ያገኙት 15 በመቶ ብቻ ነበር፡፡ ከዚህ ያነሰ ዕድሜና አገልግሎት የነበራቸው ምንም አላገኙም፡፡ ነገሩ ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1974 በፈረሙት የሠራተኞች የጡረታ ገቢ ዋስትና ሕግ ተቋጨ፡፡ ይህ ሕግ በምህጻሩ «ኤሪሳ» ይባላል፡፡ የጤና ዕቅድም በዚሁ ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ የገባው ግን እንደ እንጀራ ልጅ ነው፡፡ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን፡፡

የሕጉ ትርጉም ሲነበብ ሰፊ ነው፡፡ ተሳታፊ ማለት ከዕቅዱ ማንኛውንም ዓይነት ጥቅም ለማግኘት ብቁ የሆነ ወይም ወደፊት ብቁ ሊሆን የሚችል፣ ወይም ተጠቃሚዎቹ ብቁ ሊሆኑ የሚችሉ፣ የአሠሪው ሠራተኛ ወይም የቀድሞ ሠራተኛ ነው፡፡ የሠራተኛ ማኅበር አባልና የቀድሞ አባልም እንደዚሁ፡፡ እዚህ ላይ ጡረተኛው ሊያሰምርባቸው የሚገቡ ሁለት ሐረጎች አሉ፡፡ አንደኛው «የቀድሞ ሠራተኛ» የሚለው ሲሆን፣ ጡረታ መውጣት ብቻውን ሰውየውን ከዕቅዱ እንደማያስወጣው ያሳያል፡፡ ሁለተኛው «ሊሆን የሚችል» የሚለው ነው፡፡ ጠበቆችን ለዓመታት ያጨቃጨቀው ይኸኛው ነው፡፡ ሊሆን የሚችል ማለት እስከምን ድረስ ነው? ነገ ኩባንያው ልቡ ራርቶ ቢጨምረኝ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰውስ ተሳታፊ ነው? (በነገራችን ላይ የእኛ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ጡረተኛውን በስሙ ጠርቶ ስለሚያነሳው እንዲህ ያለ ክርክር ብዙም አይጋብዝም፡፡)

የፋየርስቶን ጉዳይ

መልሱ የመጣው ከጎማ ኩባንያ ነው፡፡ ፋየርስቶን እ.ኤ.አ. በ1980 የፕላስቲክ ክፍሉን ለኦክሲደንታል ፔትሮሊየም ሸጠ፡፡ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ በገዢው ተቀጥረው በዚያው ሥራ ቀጠሉ፡፡ ሆኖም የፋየርስቶን ሠራተኛነታችን ስላበቃ የስንብት ክፍያ ይገባናል ብለው ጠየቁ፤ አንዳንዶቹም ስለ ዕቅዶቹ መረጃ እንዲሰጣቸው ደብዳቤ ጻፉ፡፡ ኩባንያው ግን እናንተ ተሳታፊዎች አይደላችሁምና መረጃ የመስጠት ግዴታ የለብኝም አለ፡፡ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1989 ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የጻፉት ፍርድ ወጣ፡፡

የሥር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተሳታፊ ነኝ የሚል ሁሉ መረጃ ይሰጠው ወደሚል አዘንብሎ ነበር፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፡፡ በፍርዱ መሠረት ተሳታፊ የሚባለው በመጀመሪያ በዕቅዱ በታቀፈ ሥራ ላይ ያለ ወይም እንደሚኖር በበቂ ምክንያት የሚጠበቅ ሠራተኛ ነው፡፡ ከዚያም ወደ ሥራው እንደሚመለስ ተገቢ ተስፋ ያለው የቀድሞ ሠራተኛ፣ ወይም የጸና ጥቅም አለኝ ለማለት ውኃ የሚያነሳ ክርክር ያለው የቀድሞ ሠራተኛ ነው፡፡ «ሊሆን የሚችል» የሚለው ሐረግም በዚሁ ተፈታ፡፡ ጠያቂው ወይ ለጥቅሙ ቢከስ ሊረታ እንደሚችል፣ ወይ ደግሞ ወደፊት የዕቅዱን መስፈርት እንደሚያሟላ የሚያሳይ ክርክር ማቅረብ አለበት፡፡ ክሱን በእርግጠኝነት ይረታል ማለት አይደለም፡፡ ከመነሻው የሚያሳፍር ክርክር አይሁን ነው ነገሩ፡፡

ጉዳዩ የስንብት ክፍያ ቢሆንም የቃሉ ትርጉም አንድ ነውና ለጡረተኛው የጤና ዕቅድም ይሠራል፡፡ ዛሬ ከዕቅዱ ሕክምና እያገኘ ያለ ጡረተኛ ተሳታፊነቱ ብዙ አያከራክርም፡፡ የሚያከራክረው ሌላው ነው፡፡ መብቱ የተቋረጠበት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ሃያ ሳይሞላ የተሸኘ፣ ክፍሉ ለሌላ ኩባንያ የተሸጠበት፣ ካሳ ተቀብሎ መብቴን ትቻለሁ ብሎ የፈረመ ሰው፡፡ የእነዚህ ዕጣ የሚወሰነው በልብ ስሜት ሳይሆን ዕቅዱ ውስጥ ለመግባት የተቀመጠው የዕድሜና የአገልግሎት መስፈርት ላይ በተጻፈው ቃል ነው፡፡

ቃሉ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? ተሳታፊ የሆነ ሰው የዕቅዱን ሰነድ በጽሑፍ ሲጠይቅ አስተዳዳሪው በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፡፡ ካልሰጠ ዳኛው ካመነበት በቀን እስከ 110 ዶላር ሊቀጣው ይችላል፡፡ ጥቅም ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ በጤና ዕቅድ ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 180 ቀን አለው፡፡ ከዚያ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፡፡ ተሳታፊም ተጠቃሚም ላልሆነ ሰው ከእነዚህ አንዱም የለም፡፡

ተሳታፊ መሆንና ዋስትና ማግኘት

አሁን ወደ እንጀራ ልጁ እንመለስ፡፡ በአሜሪካ ሕግ የጡረታ ገንዘብ ከተወሰነ የአገልግሎት ዘመን በኋላ በሕጉ ኃይል ይጸናል፤ አሠሪው መልሶ ሊወስደው አይችልም፡፡ የጤና ዕቅድ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም፡፡ የሚጸናው አሠሪው ራሱ በሰነድ ቃል ከገባ ብቻ ነው፡፡ ኩርቲስ ራይት የተባለው ኩባንያ በኒው ጀርሲ ብሉምፊልድ የነበረውን ፋብሪካ ሲዘጋ የጡረተኞቹ ጤና ዋስትናም አብሮ ተዘጋ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ኩባንያው ዕቅዱን በማንኛውም ጊዜ ለማሻሻል መብቴ የተጠበቀ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በሰነዱ ማስገባቱ የሕጉን የማሻሻያ ሥርዓት መስፈርት ያሟላል አለ፡፡ አሠሪዎች የጤና ዕቅድን በፈለጉት ጊዜና ምክንያት ማውጣት፣ መለወጥ ወይም ማቋረጥ በመሠረቱ እንደሚችሉም ፍርዱ በግልጽ አስፍሯል፡፡

የሠራተኛ ማኅበር የተደራደረባቸው ዕቅዶች ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ዕድል ነበራቸው፡፡ ኦሃዮንና ሚሺጋንን የሚያጠቃልለው የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ያርድ ማን በተባለው መዝገብ፣ የኅብረት ስምምነቱ ግልጽ ባይሆንም ተደራዳሪዎቹ ለጡረተኛው የዕድሜ ልክ መብት አስበው ይሆናል የሚል ግምት ወሰደ፡፡ ጡረተኞች በዚህ ግምት ለሠላሳ ዓመት ያህል ረቱ፡፡ ከዚያ የኤም ኤንድ ጂ ፖሊመርስ ጉዳይ መጣ፡፡ በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኝ ፋብሪካ የሠሩ ጡረተኞች ስምምነታቸው ላይ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ተደምረው 95 ለሞላላቸው ኩባንያው የጤና ወጪውን ሙሉ ድርሻ እንደሚሸፍን ተጽፎ ነበር፡፡ ኩባንያው በኋላ አዋጡ አላቸው፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 በሙሉ ድምፅ የያርድ ማንን ግምት ሻረ፤ ስምምነቱ እንደ ማንኛውም ውል ይነበብ፣ የጊዜ ገደቡ ካለቀ በውስጡ ያለው ግዴታም በመደበኛው አብሮ ያልቃል አለ፡፡ የሥር ፍርድ ቤት ያንኑ ግምት በሌላ በር ሊያስገባ ቢሞክር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲኤንኤች ኢንዱስትሪያል በተባለው መዝገብ ተመለሰበት፡፡

እንደ ውል ሕግ ተማሪ ፍርዱን ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም፡፡ ነገር ግን ሠራተኛው ስምምነቱን ሲፈርም ከደመወዙ ላይ የተወለት ነገር እንዳለ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር እንደሌለው መርሳት አይገባም፡፡ ወንበር የለውም ስል ማጋነኔ አይደለም፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1971 በፒትስበርግ ፕሌት ግላስ ጉዳይ፣ ጡረታ የወጣ ሰው በሠራተኛ ግንኙነት ሕጉ «ሠራተኛ» ስላልሆነ አሠሪው ስለ ነባር ጡረተኞች ጥቅም ከማኅበሩ ጋር የመደራደር ግዴታ የለበትም ብሏል፡፡ እንግዲህ ያው አንድ ሰው በኤሪሳ «ተሳታፊ» ነው፤ በሠራተኛ ሕጉ ግን «ሠራተኛ» አይደለም፡፡ የመክሰስ መብት አለው፣ የመደራደር ግን የለውም፡፡

ከዚህ የከፋም አለ፡፡ ተሳታፊ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው የማን ዕቅድ ተሳታፊ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፡፡ ቫሪቲ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1986 የማሴ ፈርጉሰንን ኪሳራ የሚያመጡ ክፍሎች ሰብስቦ ማሴ ኮምባይንስ የሚባል አዲስ ኩባንያ ፈጠረ፡፡ ለሠራተኞቹ ጥቅማችሁ አይነካም እያለ አዛወራቸው፡፡ 4 ሺህ ያህል ነባር ጡረተኞችን ደግሞ ሳያማክር፣ ሳይነግራቸው ዕዳቸውን ወደዚያው አሻገረ፡፡ ማሴ ኮምባይንስ በሁለተኛው ዓመት ወደቀ፡፡ ሰዎቹ ሲከሱ ከአሮጌው ዕቅድ ወጥተዋልና በዚያ ዕቅድ ቃል መሠረት የሚከፈል ጥቅም አልነበራቸውም፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አሠሪው እንደ ዕቅድ አስተዳዳሪ ሆኖ ዋሽቷልና ሰዎቹ በሌላ የሕጉ አንቀጽ ወደ ቀድሞው ዕቅድ መመለስን መጠየቅ ይችላሉ ብሎ አዳናቸው፡፡ ከዕቅድ ዕቅድ ሲዛወሩ የሚመጣን ደብዳቤ ሳያነቡ መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ይህን መዝገብ ቢያውቁት ደስ ይለኛል፡፡

አሠሪው ራሱ ሲከስርስ? ኤልቲቪ የተባለው የብረት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 በኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ሲገባ የጡረተኞቹን የጤና ክፍያ በማቋረጡ በተነሳው ቁጣ፣ ኮንግረስ በ1988 የኪሳራ ሕጉን አሻሻለ፡፡ ኩባንያው ከሕጉ ጥላ ሥር መልሶ በሚደራጅበት ጊዜ የጡረተኛውን የጤና ጥቅም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ወይም ያለ ጡረተኞቹ ተወካይ ስምምነት መንካት አይችልም፡፡ ሲከስር ያልነበረ ወንበር መገኘቱ ትንሽ ያስገርማል፡፡

ከመጀመሪያውም ያልገቡ

ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚነካው ክፍል ይህ ነው፡፡ ተሳታፊ ለመሆን መጀመሪያ ሠራተኛ ወይም የቀድሞ ሠራተኛ መሆን ያስፈልጋል፡፡ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ወገናችን አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ላይ የራሱ ጌታ ነው፤ የሚሠራለት ኩባንያ አሠሪው አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳርደን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤሪሳ ሠራተኛ ማን እንደሆነ የሚወሰነው በቆየው የጋራ ሕግ መለኪያ ነው አለ፡፡ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ማን ነው፣ መሣሪያው የማን ነው፣ ግንኙነቱ ለምን ያህል ጊዜ ቆየ የሚሉትና ሌሎችም ነገሮች አንድ ላይ ይመዘናሉ፡፡ ስለዚህ ውሉ ላይ «ተቋራጭ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም፡፡

ማይክሮሶፍት ይህን በውድ ዋጋ ተምሮታል፡፡ ነፃ ባለሙያ ብሎ ያስፈረማቸው ሰዎች ሠራተኛ ናቸው ተብሎ ስለተወሰነበት እ.ኤ.አ. በ2000 በ97 ሚሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማማ፡፡ ከዚያ ወዲህ የኩባንያ ጠበቆች በዕቅድ ሰነዶች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ፡፡ «ድርጅቱ ሠራተኛዬ ብሎ ያልመዘገበው ሰው፣ በኋላ ፍርድ ቤት ሠራተኛ ነው ቢል እንኳ፣ የዚህ ዕቅድ አባል አይሆንም» የሚል ይዘት ያለው ነው፡፡ ፍርድ ቤት ቢረቱ እንኳ ዕቅዱ ራሱ ሊዘጋብዎ ይችላል ማለት ነው፡፡

የምግብ ቤት ባለቤቶችም አሉን፡፡ ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋር በአንድ ዕቅድ ከገባ እሱም ተሳታፊ ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2004 በዬትስ ጉዳይ ተወስኗል፡፡ ዕቅዱ ባለቤቱንና የትዳር ጓደኛውን ብቻ የያዘ ከሆነ ግን ኤሪሳ ጭራሽ አይመለከተውም፡፡

የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ዕቅዶች ከሕጉ ውጭ ናቸው፡፡ የከተማ፣ የግዛትና የፌዴራል መንግሥት ጡረተኛ በየራሱ ደንብ ይተዳደራል፤ የፌዴራሉን ብንወስድ ከጡረታ በፊት ባሉት የመጨረሻ 5 ዓመታት ሳያቋርጡ የጤና ዕቅዱ ውስጥ መቆየትን ይጠይቃል፡፡ ከቀረጥ ነፃ የሆኑ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዕቅድም በሕጉ እንደ መንግሥት ዕቅድ ይቆጠራል፡፡ ዋሽንግተን ባሉት ዓለም አቀፍ የገንዘብ ተቋማት ሠርተው የተመለሱ ባለሙያዎቻችን እስካሁን የዘረዘርኩት የፌዴራል ፍርድ ቤት መንገድ ለእነሱ እንዳልተከፈተ ሊያውቁት ይገባል፡፡

ባል፣ ሚስትና የስም አጻጻፍ

የትዳር ጓደኛ በዕቅዱ የሚገኘው በተሳታፊው ጀርባ ነው፡፡ ጡረተኛው ሲሞት አንዳንድ ዕቅድ ባለቤቱን እስከ ዕድሜ ልክ ይዞ ይቀጥላል፤ አንዳንዱ በዚያው ወር ያቆማል፡፡ የሚያቆም ከሆነና አሠሪው 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት፣ «ኮብራ» በሚባለው ሕግ መሠረት የሟች ባለቤት ሙሉውን ዋጋ እየከፈለች እስከ 36 ወር መቆየት ትችላለች፡፡ ለመምረጥ ያላት ጊዜ 60 ቀን ነው፡፡ ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው 60 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ መናገር አያሻም፡፡

አሠሪዎች በየጊዜው የጥገኞችን ማስረጃ ያጣራሉ፡፡ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፡፡ የእኛ ሴት በባሏ ስም አትጠራም፤ ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የጋብቻው ምስክር ወረቀት ቀኑ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሆኖ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይላል፡፡ አንዲት የቤተሰባችን ወዳጅ ባለቤትነቷ የተጠረጠረው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ነገሩ የተፈታው በተረጋገጠ ትርጉምና በቃለ መሐላ ነበር፡፡ ይህ ወረቀት ጡረተኛው በሕይወት እያለ ቢስተካከል ይሻላል፡፡

ቁጥርም ራሱን የቻለ ነገር ነው፡፡ አንድ የጤና ዕቅድ በውስጡ ያሉት በሥራ ላይ ያሉ ተሳታፊዎች ከሁለት ካነሱ የጡረተኞች ብቻ ዕቅድ ይባላልና እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው የጤና ማሻሻያ ሕግ ብዙ ግዴታዎች ነፃ ይሆናል፡፡ ልጅን እስከ 26 ዓመት ማቆየት ከእነዚህ አንዱ ነው፡፡ ባልንጀራዬ ልጁን ይዟል፣ የእኔ ዕቅድ ለምን ከለከለኝ ለሚሉ መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው ያለው፡፡

አዲስ አበባ ለሚኖሩት ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፡፡ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት ዋስትና ከ65 ዓመት ጀምሮ ቢሰጥም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም፡፡ ስለዚህ ብዙዎች «ፓርት ቢ» የሚባለውን ወርኃዊ ክፍያ ያለበትን ክፍል፣ የኩባንያዬ የጡረተኛ ዕቅድ አለኝ ብለው ይተዉታል፡፡ የጡረተኛ ዕቅድ ግን በሥራ ላይ ባለ ሰው ዋስትና ቦታ አይቆጠርም፡፡ ሥራ ካቆሙ በኋላ ያለው ልዩ የመመዝገቢያ ጊዜ 8 ወር ነው፡፡ ካለፈ በኋላ ለዘገየው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር የወር ክፍያው 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪውም ፓርት ቢ እስካለ ድረስ ይቀጥላል፡፡ በዚያ ላይ ብዙ የጡረተኛ ዕቅዶች ተመዘገቡም አልተመዘገቡም ሜዲኬር ይከፍል የነበረውን ቀንሰው ቀሪውን ብቻ ይሸፍናሉ፡፡ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተደረገ ሕክምና ይከፍሉ እንደሆነ የሚታወቀውም ከዕቅዱ ሰነድ ብቻ ነው፡፡

ሰነዱን ለመጠየቅ ስልክ አይበቃም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት፡፡ የማጠቃለያ መግለጫውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን የዕቅድ ሰነድ፣ ማሻሻያዎቹንና ካለም ጡረታ በወጡበት ጊዜ ይሠራ የነበረውን የኅብረት ስምምነት በስም ጠቅሰው ይጠይቁ፡፡ ደብዳቤው የሚላከው ለቀድሞ አለቃዎ ወይም ለሰው ኃይል ክፍል ሳይሆን፣ በማጠቃለያ መግለጫው ላይ «የዕቅዱ አስተዳዳሪ» ተብሎ ለተጻፈው አድራሻ ነው፡፡ የ30 ቀኑ ቆጠራ ከዚያ ስለሚነሳ፣ ከአዲስ አበባ የሚልክ ሰው የመላኪያና የመድረሻ ደረሰኙን ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አያይዞ ያስቀምጥ፡፡